ጊታርን ለአምባሰል መቃኘት፦ ከሥራ መልስ የራሱን ሮክ ለሚሠራ ሰው

ክራር የሚመታ ሰው ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ) አንዱን፣ አምባሰልን፣ ሊጫወት ሲነሳ መጀመሪያ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ክሮቹን ለአምባሰል ይቃኛል። ትዝታ ሲያምረው ደግሞ አላልቶ እንደገና ይቃኛል። መሣሪያውን የሚያዘው ዜማው ነው። ጊታር ላይ ስንደርስ ግን ይህን ልማድ እንተወዋለን። ጊታሩ ከሱቅ ሲወጣ በነበረው ቅኝት፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ባገኘናቸው ኮርዶች፣ ባቲንና አንቺሆዬን በግድ ልናስገባ እንታገላለን። አልገባ ሲለን "ሮክና የእኛ ዜማ አይሄዱም" እንላለን። ይሄዳሉ፤ በጣም ይሄዳሉ። መቃኘት ያለበት ጊታሩ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ቀን አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ፤ ማታና ቅዳሜ ከአንድ ቤዝ ተጫዋችና ከአንድ ድራመር ጋር ሆኜ ሮክ እሠራለሁ፤ ጊታሩና ድምፁ የኔ ነው። ኩባንያ የለንም፣ ማናጀርም የለንም። ዘፈኑን የምንጽፈውም የምንቀዳውም የምንሸጠውም ራሳችን ነን። የምነግራችሁ በዚህ ኑሮ ውስጥ የሚሠራልኝን አካሄድ ነው። ጊታር ይዛችሁ ጥቂት ኮርድ የምታውቁ ከሆነ ይበቃል፤ ኖታ ማንበብ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ቅኝቱ

ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ እንዲህ ቃኙ፦ ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ። ከተለመደው ቅኝት የሚለየው ይህን ያህል ነው፤ 6ኛው፣ 5ኛው፣ 2ኛውና 1ኛው ክር እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፤ 4ኛውና 3ኛው ባሉበት ይቆያሉ። ወደ ላይ የሚወጠር ክር ስለሌለ ይበጠሳል ብላችሁ አትስጉ። ክሮቹ ስለሚላሉ ግን ከቀጭኑ ከ9 ቁጥር ይልቅ 11 ቁጥር የሚባለውን ብትገዙ ድምፁ ይሞላል፣ ክሩም ፍሬቱ (ጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ አይንጫጫም።

አሁን ሳትጫኑ ሁሉንም ክር ምቱ። ስድስት ክር ነው፣ የሚሰማው ድምፅ ግን ሦስት ብቻ ነው፦ ዲ፣ ጂ፣ ኤ። ይህን ቅኝት የምወድደው ለዚህ ነው። እነዚህ ሦስት ድምፆች ከጂ በሚነሳ ትዝታ ውስጥ አሉ፣ ሜጀርም ይሁን ማይነር። ከዲ በሚነሳ አምባሰል ውስጥ አሉ። ከዲ በሚነሳ ባቲ ማይነር ውስጥም አሉ። ስለዚህ ግራ እጃችሁ ዜማውን ሲፈልግ ክፍት ክሮቹ ከኋላ እያስተጋቡ ይቆያሉ፤ አንዳቸውም ከዜማው ቅኝት አይወጡም። በተለመደው ቅኝት ያው አምባሰል ሲሞከር ቢያንስ አንዱ ክፍት ክር ሁልጊዜ ባዕድ ይሆንና እጃችሁን እያንቀሳቀሳችሁ ስታፍኑት ትውላላችሁ።

ለዜማው በመጀመሪያ አንድ ክር ብቻ ተጠቀሙ። መሰንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ አዝማሪው ዓለሙን ሁሉ የሚያወጣው ከዚያ ነው። 3ኛውን ክር፣ ጂን፣ ያዙ። ትዝታ ሜጀር በዚህ ክር ላይ ክፍቱን፣ ከዚያ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛና 12ኛ ፍሬት ነው። ትዝታ ማይነር ክፍቱ፣ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛና 12ኛ ነው። ቀኝ እጃችሁ 2ኛውንና 1ኛውን ክር ሳይጫን አብሮ ይምታ፤ ኤና ዲ እየተጎተቱ ይቆያሉ። ከአንዱ ፍሬት ወደ ሌላው ጣታችሁን ሳታነሱ አንሸራትቱ። መሰንቆ ላይ ፍሬት የለም፤ ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። የኛ ዘፋኞች ድምፅ የሚያርገበግበው በሁለት ድምፆች መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ጊታርም ያን መንገድ መሄድ ይችላል፣ ከተፈቀደለት።

አምባሰልን በ1ኛው ክር ሞክሩት፦ ክፍቱ፣ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛ፣ 12ኛ። ከክፍቱ ወደ 1ኛው ያለችውን ግማሽ ድምፅ አትቸኩሉባት፤ አምባሰልን አምባሰል የምታደርገው እሷ ናት። ክራር ተጫዋቾች በጆሮ ስለሚቃኙ ድምፁ ከፍሬት ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። እናንተም ክሩን በጣታችሁ ጥቂት እየገፋችሁ ጆሮአችሁ "ይኼ ነው" እስኪል ፈልጉት። የዲጂታል መቃኛው አረንጓዴ መብራት እዚህ ላይ ዳኛ አይሆንም።

ኮርዱን ዜማው ይምረጥ

ብዙ ዘፈን የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልናገር።

ሮክ የቆመው ፓወር ኮርድ በሚባለው ላይ ነው። ይህ ኮርድ መነሻውና አምስተኛው (ከመነሻው ሰባት ፍሬት ከፍ ያለው ድምፅ) ብቻ ነው ያለው፤ ኮርድን ሜጀር ወይም ማይነር የሚያደርገው ሦስተኛ ድምፅ (ከመነሻው አራት ወይም ሦስት ፍሬት ከፍ ያለው) የለውም። አሁን ከዲ የሚነሳውን አምባሰል ተመልከቱ፦ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት (ፍላት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ሻርፕ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ማለት ነው)። ዲ ላይ ሙሉ ኮርድ ልሥራ ብትሉ ኤፍ ወይም ኤፍ ሻርፕ ያስፈልጋችኋል፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም። አምባሰል ቤቱ ሲገባ ሜጀርም ማይነርም አይደለም። አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ከሥሩ ዲ ማይነር ሲያነጥፍለት ዜማው የሚጨልምብን፣ ሌላ ዘፈን የሚመስለን ለዚህ ነው፤ ያልተጠራ ድምፅ ገብቶበታል። ፓወር ኮርድ ግን ያንን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ከሲያትልና ከማንቸስተር ጋራዦች የወጣ የሚመስለን የጊታር አመታት ለአምባሰል የተሰፋ ያህል ይገጥማል። ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ጊታሩን አስቀምጬ ክፍሉ ውስጥ ተመላለስኩ።

በዚህ ቅኝት ፓወር ኮርድ ለመያዝ አንድ ጣት ይበቃል። 5ኛው፣ 4ኛውና 3ኛው ክር ጂ፣ ዲ፣ ጂ ስለሆኑ ሦስቱን በአንድ ጣት አንድ ፍሬት ላይ ተጫኑ፤ ኮርዱ እዚያው አለ። የቀረው የትኛው ፍሬት ለየትኛው ቅኝት እንደሚፈቀድ ማወቅ ነው። ደንቡም ቀላል ነው፤ መነሻውም አምስተኛውም በቅኝቱ ውስጥ ካሉ ይፈቀዳል፣ አንዱ ከጎደለ አይፈቀድም። በዚህ ስሌት ትዝታ ሜጀር ከጂ አራት ኮርድ ይሰጣችኋል፦ ክፍቱ፣ 2ኛው፣ 7ኛውና 9ኛው ፍሬት። ትዝታ ማይነር ሦስት ብቻ አለው፦ ክፍቱ፣ 7ኛውና 8ኛው። ባቲ ማይነር ከዲ አራት አለው፦ 7ኛው ማረፊያ ሆኖ ክፍቱ፣ 5ኛውና 10ኛው።

አምባሰልስ? 7ኛው ማረፊያ ነው፣ ከዚያ 8ኛውና ክፍቱ። ልብ በሉ፤ ይህ ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ነው። የሁለቱን ድምፆች ጎን ለጎን ብትጽፏቸው፣ ከጂ የሚነሳው ትዝታ ማይነርና ከዲ የሚነሳው አምባሰል አምስቱም ድምፃቸው ያው ነው። የሚለያቸው ዜማው ደክሞት የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እኛ ባንድ ውስጥ ይህን እንዲህ እንጠቀምበታለን። ቤዙ ጂ ላይ ተተክሎ ሲቆይ እኔ የምጫወተው ትዝታ ነው። አዝማቹ ሲደርስ እኔ ምንም አልቀይርም፤ ቤዝ ተጫዋቹ ብቻ ወደ ዲ ይወርዳል። ያው ጊታር፣ ያው ጣት፣ አምባሰል ሆነ። የሰማው ሰው ምን እንደተቀየረ መናገር አይችልም፤ ግን ቀና ይላል።

ባቲ ማይነርን በተመለከተ ደግሞ መልካም ዜና አለ። ሮክ ጊታር የሚማር ልጅ የትም ሀገር ቢሆን መጀመሪያ የሚለማመደው ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው ስኬልና ባቲ ማይነር በድምፅ አንድ ናቸው፤ ከዲ ሲነሳ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ። ስለዚህ ጣታችሁ ባቲን ያውቀዋል። የማያውቀው አነጋገሩን ነው። የብሉዝ ሰው ክሩን ገፍቶ ያስለቅሳል፣ ሐረጉን በአጭሩ ቆርጦ መልስ ይጠብቃል። የባቲ ዘፋኝ ሐረጉን ያስረዝማል፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ጎረቤት ድምፆችን በፍጥነት እያቀያየረ ያርገበግባል፣ ከዚያ ያርፋል። ጊታሩን አስቀምጡና ዜማውን በአፋችሁ አዚሙት፤ የት እንደምትተነፍሱ አስተውሉ፤ ከዚያ ጊታሩም እዚያው ይተንፍስ።

አንቺሆዬ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዲ ሲነሳ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ነው። ኤ የለበትም፤ ስለዚህ 2ኛውን ክር ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉት። እዚህ ማረፊያው ዲ አምስተኛ የለውም፣ በቦታው የተቀመጠው ኤ ፍላት ነው፤ ሄቪ ሜታል ተጫዋቾች ሰውን ለማስደንገጥ የሚጠሩት ርቀት ማለት ነው። በእኛ ጆሮ ግን የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ቤቱ ነው። ፓወር ኮርድ የሚፈቀደው በክፍቱና በ1ኛው ፍሬት ብቻ ስለሆነ፣ ማረፊያው ላይ ኮርድ አትምቱ። ዲን ብቻውን፣ በወፍራሙ 6ኛ ክር፣ ጮክ አድርጋችሁ ምቱና ተዉት።

ምቱን ስድስት ቁጠሩ

የኮምፒውተር ድራም ስትከፍቱ የሚጠብቃችሁ አራት ምት ነው። ወደ ስድስት ስምንተኛ ቀይሩት። ችክችካ የምንለው በስድስቱ ውስጥ ሁለት አቆጣጠር አብረው ስለሚኖሩ ነው ትከሻ የሚያንቀሳቅሰው፤ ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ብትቆጥሩ ሁለት ትልልቅ ምት ይሆናል፣ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብትቆጥሩ ሦስት ይሆናል። ሮክ ለማድረግ የምንሠራው ይህን ነው፤ ድራሙና ቤዙ 1ንና 4ን ይይዛሉ፣ ጊታሩ በዲስቶርሽን (ድምፁን በሚያሻክረው) 1ን፣ 3ንና 5ን ይመታል። መጀመሪያ በእግርና በእጅ ጠረጴዛ ላይ ተለማመዱት። እግራችሁ ሁለት፣ እጃችሁ ሦስት። ሳታስቡ እስኪመጣ ድረስ ጊታሩን አታንሱ።

ለግጥሙ ከአያቶቻችን የተረፈ ልክ አለ። ቡሄ በሉ ቤት አራት አራት ቀለም ነው፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ የወል ቤት ስድስት ስድስት። ፈጣን ዘፈን ለሚሠራ ሰው አራት አራቱን እመክራለሁ፤ ጩኸት ውስጥ ሆኖም ይሰማል፣ ትንፋሽም አይጨርስም። ከአንዱ ዘፈናችን፦

መብራት ጠፋ፣ ሰው ዝም አለ፤
ክሬ ብቻ ቃል ቀጠለ።

ቤቱ ከመታ በኋላ አንድ ዙር ሙሉ ጊታሩ ብቻውን ይመልስ። አዝማሪ ስንኙን ብሎ መሰንቆው እንዲናገር ጊዜ የሚሰጠው በምክንያት ነው፤ ሰሚው ቃሉን የሚያብላላው ያኔ ነው።

ማንን ልስማ

ጆሮ የሚሠራው እየተመረጠ በሚሰጠው ነገር ነው። አንድ አልበም ይዤ ሰነባብቼ ነው የምሰማው። በመጀመሪያ ቤዙን ብቻ እከተላለሁ፣ ቀጥዬ ድራሙን፣ ጊታሩን በመጨረሻ። ዘፋኙን እንደሆነ ሳልፈልገውም ሰምቼዋለሁ።

ከሁሉ በፊት የምልካችሁ ወደ አስናቀች ወርቁ ክራር ነው። ድምፅዋ ሲያርፍ ክራሩ ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚል፣ ያ ትንሽ ነገር ደግሞ ምን ያህል እንደሚበቃ ስሙ። ጊታር ይዞ ባዶ ቦታ ሲያይ ለሚጨነቅ ሰው እሷ መድኃኒት ናት። ቀጥሎ የበገና ድርደራ። ሁዳዴ ሲገባ በሬዲዮ የምንሰማው ያ የሚነዝር ድምፅ የሚመጣው ክሩና ድልድዩ መካከል ከሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች፣ ከእንዚራ ነው። የዲስቶርሽን ፔዳል ከመፈጠሩ እጅግ በፊት የኛ ሰዎች ንዝረት የጸሎት ድምፅ መሆኑን ያውቁ ነበር። እቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ቀጭን ወረቀት አጥፋችሁ፣ ከጊታሩ ድልድይ አጠገብ በክሮቹ መካከል አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያደረጋችሁ አስገቡት። ቀረጻ ላይ ከብዙ ፔዳል ይሻላል።

ኒው ዮርክ የነበረው የሮክ ባንድ ቬልቬት አንደርግራውንድ የገባኝ ከበገና በኩል ነው። ሉ ሪድ በአንዳንድ ዘፈን የጊታሩን ክሮች ሁሉ በአንድ ድምፅ ቃኝቶ ይመታ ነበር፣ ጆን ኬል በቪዮላው አንድ ድምፅ ይዞ አይለቅም፤ ዘፈኑ በዚያ በማይንቀሳቀስ ድምፅ ላይ ይራመዳል። ሶኒክ ዩዝ ደግሞ ለየዘፈኑ ለየብቻ የተቃኙ ጊታሮች ይዘው ይዞሩ ነበር። ሮክ ውስጥ መቃኘት እንግዳ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ከምኖርበት አካባቢ የማከብራቸው ፉጋዚ ናቸው። ዘፋኛቸው ኢያን ማካይ እ.ኤ.አ. በ1980 ከጓደኛው ጋር ዲስኮርድ የሚባለውን አሳታሚ የመሠረተ ሰው ነው፤ የአሳታሚው ቤት ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አርሊንግተን ነው። ፉጋዚ የመግቢያ ዋጋቸውን አምስት ዶላር አካባቢ ለማቆየት፣ ልጆችም እንዲገቡ ለማድረግ ይታገሉ ነበር። ሙዚቃቸው የሚያስተምረው ዝምታን ነው፤ በሙሉ ኃይል እየሄዱ ቀጥ ይላሉ፣ ባዶው ይሰማል፣ ከዚያ አብረው ይገባሉ። ይህን ከሽለላ ጋር አስተያዩት። ሸላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቆርጦ ሲያቆም ሕዝቡ የሚንጫጫው በዚያ ቁርጥ ላይ ነው።

ሽለላ ካልኩ ጌታቸው መኩሪያን መዝለል አልችልም። ሽለላን በሳክስፎን የነፋ ሰው ነው፤ ሳክስፎኑ ይፎክራል፣ ይቆጣል። ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ የሚጫወቱት የሆላንድ ፐንክ ሮከሮች ዘ ኤክስ ከእርሱ ጋር ተገናኝተው እ.ኤ.አ. በ2006 "ሞአ አንበሳ" የሚለውን አልበም አወጡ። ሮክና የእኛ ዜማ አይሄዱም ለሚል ሰው መልሴ ይህ አልበም ነው። ጊታሮቹ ምን እንደሚሠሩ በተለይ አስተውሉ፤ ከሳክስፎኑ ሥር ኮርድ አያነጥፉም፤ ይፋጫሉ፣ ምት ይሆናሉ፣ ዜማውን ለባለቤቱ ይተዋሉ። ሀገር ቤት ደግሞ ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ያወጣው "ኤርታሌ" አለ። ከኔ ጣዕም ይልቅ ግዙፍና ያጌጠ ነው፤ ግን ከባድ ጊታርና የአማርኛ ዘፈን በአንድ ትልቅ መድረክ መቆም እንደሚችሉ ለብዙ ወጣት ያሳየ ነው።

ለኑሮዬ ምሳሌ የማደርገው ግን ኃይሉ መርጊያን ነው። በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት ከነበረው ዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ መጣ፣ እዚሁ ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የድራም ማሽኑን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፣ እርሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። እኔን የሚይዘኝ መመለሱ ብቻ አይደለም። ማንም በማይጠይቀው ጊዜ፣ ሻንጣ ሲጫን በሚውል መኪና፣ ጣቶቹን አለማስፈታቱ ነው።

ቀኑን እንዴት እንደምከፋፍለው

ሥራ የምገባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ለጊታር አለኝ። ኤሌክትሪክ ጊታር ካልተሰካ ጎረቤት አይቀሰቅስም፣ እና የጠዋቷ ግማሽ ሰዓት ለጣት ናት፤ አንድ ክር፣ አንድ ቅኝት፣ በዝግታ። በዚህ ሰዓት አዲስ ነገር አልፈጥርም። በባቡር የምሄድበት ሰዓት ለመስማት ነው። ዜማ ድንገት ሲመጣብኝ ስልኬ ላይ አንጎራጉሬ እቀዳዋለሁ፤ ማታ ስሰማው የሚያስደስተኝን እይዛለሁ፣ ሌላውን አጠፋለሁ።

ሥራ ቦታ የማየውን የሰው ሕመም ግጥም አላደርገውም። አረጋውያኑ እንድንከባከባቸው እንጂ እንድጽፋቸው አልፈቀዱልኝም። የምወስደው የራሴን ድካም፣ የመስኮቱን ብርሃን፣ የኮሪደሩን ርዝመት ነው። እናንተም በሰው ቤት የምትሠሩ ከሆነ ይህን ድንበር ለራሳችሁ አስምሩ፤ ዘፈኑም ይጸዳል።

ከሥራ መልስ መጀመሪያ መብላትና ጋደም ማለት። ደክሞት የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ድካሙን ነው። ሽሮዬን ሠርቼ፣ ቡናዬን አፍልቼ ስጨርስ በጆሮ ማዳመጫ እሰካለሁ። አፓርታማ ውስጥ ትልቅ አምፕ ትርፉ ከጎረቤት ጋር መጣላት ነው፤ በኮምፒውተር ያለ የአምፕ ፕሮግራም ይበቃል። የማታው ሰዓት ለመፍጠር ነው፤ ጠዋት የተለማመድኩትን ቅኝት አንስቼ የስልኬን ጉርምርምታ እፈልግበታለሁ። የምጽፍበት ደብተር በየገጹ አናት ላይ ቅኝቱ፣ ማረፊያ ድምፁና ምቱ ይጻፍበታል። ይህ ካልተጻፈ ከወር በኋላ የራስን ዘፈን እንደ ሰው ዘፈን መፈለግ ይመጣል።

ቅዳሜ በሰዓት የሚከራይ የመለማመጃ ክፍል ይዘን ሦስታችን እንካፈላለን። ሁለት ሰዓት ይበቃል፣ ግን ሁላችንም ዘፈኑን ቤት ሠርተን እንመጣ። የጆሮ መከላከያ ሳታደርጉ ድራም ያለበት ክፍል አትግቡ። የተጎዳ የመስማት ኃይል አይመለስም፣ እኛ ደግሞ ከጆሮ ሌላ ሀብት የለንም።

ስለ መቅዳት ብዙ አልልም፤ ዕቃው ረክሷል። ሁለት መግቢያ ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ጊታሩንና ማይኩን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሳጥን)፣ አንድ ሹር ኤስ ኤም 57 ማይክ፣ ለመቅጃ ፕሮግራም ሪፐር ወይም በነፃ የሚገኘው ኦዳሲቲ። ማይኩን ከአምፕ ድምፅ ማጉያው አራት ጣት ያህል አርቃችሁ፣ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ጠርዙ አዙራችሁ አቁሙት። ድራሙንና ጊታሩን አብራችሁ በአንድ ጊዜ ቅዱ፤ ስድስት ስምንተኛ ሲነጣጠል ይሞታል፣ ሰው ሰውን እያየ ሲመታው ነው የሚኖረው። የዘፋኙ ድምፅ በኋላ ይጨመራል። ለመሸጥ ባንድካምፕ የሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ለኛ ዓይነቱ ሰው የተሻለ ነው፤ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ነው፣ የገዢውንም ኢሜይል ታገኛላችሁ። የዘፈኑን ርዕስ በፊደል ጻፉት፤ ማንበብ የማይችል ሰው ጆሮ አለው።

መድረክ ላይ

መጀመሪያ ትንንሽ ቦታ ፈልጉ፤ የመጻሕፍት መደብር፣ የቤተሰብ ግቢ፣ የሰፈር ካፌ። ዋሽንግተን ከሆናችሁ በጋ ላይ ፎርት ሪኖ መናፈሻ በነፃ የሚደረጉትን ኮንሰርቶች ሄዳችሁ እዩ፤ የሰፈር ባንዶች ሣር ላይ ለተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚጫወቱ ትማራላችሁ። ከናንተ በፊት የሚጫወተውን ባንድ እስከ መጨረሻ ስሙ፣ ከናንተ በኋላ ለሚጫወተውም ቆዩ። የበሩ ገንዘብ መጀመሪያ ለድምፅ ባለሙያው፣ ቀጥሎ ከሌላ ከተማ ለመጣው ባንድ ቤንዚን፣ የቀረው እኩል ይከፈል። ይህን ከመጫወታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ መቃኘት ጊዜ ይበላል፤ አንድ ጊታር ብቻ ላለው ሰው ደግሞ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ከቅኝቱ ጋር ቢገጣጠም ይቀላል። ትዝታ፣ አምባሰልና ባቲ ሁሉም በዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ ስለሚሄዱ ተከታትለው ይምጡ፤ በመካከላቸው እጅ ወደ መቃኛው አይሄድም። ባቲን መሃል ላይ አድርጉት፣ ሮክ ለለመደ ሰሚ ጆሮ የሚያውቀው እሱ ነው። በአምባሰል ቀስ በቀስ ዝቅ በሉ። ከዚያ ቤዙ ዲን ይዞ ሲቆይ 2ኛውን ክር ከኤ ወደ ኤ ፍላት ሰው እየሰማ አውርዱት፤ ድምፁን አታጥፉት፣ ጆሮው ክሩ ሲወርድ ይከተል፤ እዚያው ላይ አንቺሆዬን ጀምሩ።